በከሰል ክብ የታሰረች ፀሐይ

በ1978 መጋቢት፣ በሁዳዴ መሃል፣ ጅራታም ኮከብ እየመጣ ነው ተብሎ ከደሴ ወደ ላሊበላ ትምህርት ቤታችን በውሰት የተላከው ቴሌስኮፕ ሞተር ነበረው። እኔ ሸጌ፣ የሳይንስ አስተማሪዋ፣ ነካክቼ አልጠገብኩትም። ያ ኮከብ ተመልሶ የሚመጣው እኔ አፈር ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ዘንድሮ ካላየሁት ቀረብኝ። ካድሬያችን ጓድ አረጋ ግን "ሞተሩ በትክክል ካልሠራ ዛሬውኑ ወደ ደሴ ይመለሳል" ብሎ የመጣበትን ሳጥን እንኳ ከመኪናው አላስወረደም።

ሙከራው ቀላል ነው። ሰማይ ይዞራል፤ ሞተሩም ቱቦውን እያዞረ ይከተለዋል። ቀን ስለነበር የመረጥኩት ፀሐይን ነው። በቱቦው ማየቷ ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ምስሏ በቱቦው አልፎ ነጭ አቡጀዲ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁና ዙሪያዋን በከሰል ከበብኳት። ከክቡ ካልወጣች ሞተሩ ደህና ነው። ከወጣች ጉዴ ፈላ።

የጾመ ሰው ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ምን ሥራ አለው፣ ግቢያችንን ሞላው። ከፊት ከአሸተን ማርያም የወረዱት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ አብዱልጀባር ሽቦውን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘ። ሞተሩ ዝዝ አለ። ፀሐይ ከክቡ ፈትለክ ብላ ወጣች! ሰው ሳቀ፤ ካድሬው ወደ ሳጥኑ አየ፤ እኔ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አልኩ።

"ወደ ኋላ እየዞረ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አብዱ፣ ሽቦዎቹን አቀያይራቸው!"

"ወላሂ እኔማ ካድሬ ፈርታ የሸሸች መስሎኝ ነበር" አለኝ በሹክሹክታ።

አቀያየራቸው። ምስሏን ወደ ክቡ መለስኳት። ቆመች። ንቅንቅ የለም! በሁዳዴ አይባልም እንጂ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጓድ አረጋ ግን "እስቲ ትንሽ እንያት" አለ። አየናት። ቆማለች። ደግመን አየናት። አሁንም እዚያው ናት።

ከፊት ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"አንቺ ሸጌ" አሉ እማሆይ፣ "ይቺ ፀሐይ ቆመች እኮ!"

"አዎ እማሆይ! ቆመችልኝ!" አልኩ እየፈነደቅሁ።

"ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት አድርጎ ሊደርስልን ነው?"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ "የቆመው ምስሏ ነው እንጂ እሷማ…" ብዬ ላስረዳ ስል አላስጨረሱኝም።

"ኢያሱም በገባዖን አቁሟታል! የኢያሱ ግን ለጦርነት ነው፤ ያንቺ ለምንድን ነው? ልቀቂያት!"

"ልቀቂያት! ልቀቂያት!" ብሎ ሕዝቡ ተቀበላቸው።

አብዱልጀባር የመኪናው በር ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል። "ለኔ እስከ ማታ ትቁም፤ ምሳዬን በልቻለሁ" አለ። "ለረመዳን ግን አደራሽን ሸጌ፣ የሚያስሮጣትን ሞተር አስመጪልኝ!"

እማሆይ መቋሚያቸውን አነሱበት፤ እሳቸውም ግን እየሳቁ ነበር። እኔማ ሆዴን ይዤ ቀረሁ።

ጓድ አረጋ እጁን ሲያነሳ ግቢው ጸጥ አለ። ጾም የአድኅሮት ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው የሚያደርቀን ሰው ነው። አፉን ከፈተ። ከቃሉ በፊት ግን ሆዱ ጮኸ፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኸ፤ ሁላችንም ሰማነው።

ፊቱ ቀላ። "ሞተሩ ይሠራል። ቴሌስኮፑ እዚሁ ይቀራል" አለ። ዘልዬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቃ መምህርት፣ ልቀቂያት" አለኝ። "እኔም ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።"

ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ። እማሆይ ብቻ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በነጠላቸው ጠረጉለትና "ና ልጄ፣ ቁጭ በል፤ ሲደርስ ከበሶዬ ትካፈላለህ" አሉት።

ሽቦውን ነቀልኩ። ፀሐይ ከከሰሉ ክብ ቀስ እያለች ወጣች፣ እልልታው ቀለጠ። በዚያ ዘመን ካድሬ እስረኛ ሲያስፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።