ያልፈረምኩበት ስዊች

አጎቴ አብዱልመናን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይደውልልኛል። ጎንደር አራዳ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ፣ ገበያተኛ ቆሞ እየጠበቀው እንኳ፣ ስልኩን አንስቶ «ምሳ በላሽ ወይ?» ይለኛል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለምሳ አስታዋሽ አያስፈልገኝም። ግን አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣ ከሰባት ዓመቴ አንስቶ ያሳደገኝ እሱ ነውና «በልቻለሁ ጋሼ» እላለሁ፤ ሳልበላም እላለሁ። በ2006 ግንቦት ላይ ግን ስልኩ ዝም አለ። ዝም ያሰኘሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአይከል ወጣ ብሎ ተራራ ላይ የመብረቅ ምርምር ጣቢያ ተከፈተና በኔትወርክ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ሜዳው ላይ አራት አንቴናዎች ተተክለዋል። መብረቅ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚወርድ አራቱም በየፊናቸው ይሰሙና የሰሙትን በኬብል ወደ ክፍላችን ይልካሉ። ዘበኛችን አያ አዘዘ ባለፈው ክረምት ወንድሙን ከነበሬዎቹ በአንድ ብልጭታ አጥቷል። ሥራ በጀመርኩ ቀን «ልጄ፣ ይኼ ማሽን መብረቁ የሚመጣበትን መንገድ ካወቀልን እኮ ሸጋ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለደመወዝ ብቻ የምሠራው ሥራ ሆኖ አልታየኝም።

ዕቃ ስንመርጥ ከአለቃዬ ከአቶ ደመቀ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ቀን የለም። እሱ «የመዳብ ኬብል ይበቃል» ይላል።

«አቶ ደመቀ፣ መብረቁን ልንመዘግበው ነው ወይስ ቤታችን ልንጋብዘው?» አልኩት። መዳብ መብረቁን እየጎተተ ኮምፒውተሩ ላይ ያመጣዋል። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ከብርሃን በቀር ምንም አያሳልፍም። በዚህ አሸነፍኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባው ካርድ በሴኮንድ አሥር ጊጋቢት መረጃ የሚቀበል እንዲሆንም አሸነፍኩ። የቀረው ስዊቹ ነበር፤ ከአራቱም አንቴናዎች የሚመጣውን ተቀብሎ በአንድ መስመር ወደ ኮምፒውተሩ የሚያሳልፈው ሳጥን። ዝርዝሩን እኔው ጻፍኩ፤ ሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ አስገቡ። አንዱ አጎቴ ስለነበር፣ ዘመድ አለበት ብዬ ከምርጫው ወጣሁ፤ እሱው አሸነፈ።

ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍሉ ቆጠረ፤ ከወረቀቱ ጋር ልክ ሆነ፤ ለዕቃ ገቢ ደረሰኙ «ሞዴል 19 ይቆረጥ» ተባለ። የእኛ ርክክብ ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ከሞላ ዕቃው ደህና ነው። የቀረው የባለሙያ ፊርማ ብቻ ነበር፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ ባለሙያ የለም።

«ሳልሞክረው አልፈርምም» አልኩ።

«የገዛ አጎትሽን ዕቃ?» አለ አቶ ደመቀ እየሳቀ።

«የገዛ አጎቴ ስለሆነ!»

አንቴናዎቹ የሚልኩት እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ ቁጥር አለው። ከአምስት ቀጥሎ ሰባት ከመጣ፣ ስድስት መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ስከፍታቸው ምንም አልጠፋም። አራቱንም ባንዴ ስለቃቸው ግን ከመቶው ሦስት ጠፋ። ደገምኩት፤ ሦስት። ኬብሉን ቀያየርኩ፣ ካርዱን ነቅዬ መለስኩ፤ አሁንም ሦስት። ኢሜይል ቢሆን የጠፋው ተመልሶ ይላካል። መብረቅ ግን «ይቅርታ፣ አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» አይባልም! የሚጠፋው ደግሞ አራቱም አንድ ላይ ሲጮሁ ነው፤ ልክ መብረቁ በሚወድቅበት ቅጽበት።

«ዕቃው ብቁ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው አራዳ ደረሰ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። በማግስቱም አልጮኸም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ዙበይዳ ደወለችልኝና «ምነው ፈህሚያ፣ የአብዱልመናንን ዕቃ የገዛ ልጁ መለሰችበት እያለ ገበያው ሁሉ ያወራል እኮ» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም።

በዘጠነኛው ቀን ራሱ መጣ፤ ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ። ሰላምታዬን እንደ ነገሩ መለሰና «አሳዪኝ» አለ። አራቱንም ለቀቅኳቸው። የጠፋው ቁጥር ሲጨምር ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«አፉ የጠበበ ጆንያ ላይ አራት ሰው ባንዴ ሰሊጥ ሲገለብጥ» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ ጋሼ። የመጣውን ተራው እስኪደርስ የሚያቆይበት ቦታ የለውም።»

ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። እኔ የጻፍኩት ዝርዝር ነው። «አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

አነበብኩ። የመግቢያዎቹ ብዛት፣ ፍጥነቱ፣ የፋይበሩ ዓይነት። በየመስመሩ «ልክ ነው?» ይለኛል፤ «ልክ ነው» እለዋለሁ። ወረቀቱ አለቀ።

«ታዲያ ያ የምትዪው ማቆያ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

የትም አልተጻፈም። ለእኔ ግልጽ ስለነበር ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ዘልዬዋለሁ። አቶ ደመቀ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ብል ጥፋቱ አጎቴ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ነው።

«አቶ ደመቀ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እሱ ያመጣው የጻፍኩትን ነው፤ ጎደሎ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ አስተካክዬ እጽፋለሁ።»

አቶ ደመቀ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው ዕቃው እንደ ወረቀቱ ከሆነ መመለስ አንችልም። ፈርሚና ዘንድሮን በዚሁ እንለፈው።»

ደጅ ሆኖ የሚሰማው አያ አዘዘ ራሱን በበሩ አስገባ። «ዘንድሮም መንገዱን አያውቅልንም ማለት ነው?»

«የምኑን መንገድ?» አለ አጎቴ።

አያ አዘዘ ስለ ወንድሙ ነገረው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። አጎቴ «አላህ ያጽናህ» አለውና ወደ እኔ ዞረ።

«ንቀዪው» አለኝ ስዊቹን እያሳየ። «የሚያስፈልግሽንም እንደገና ጻፊልኝ። ምንም ለማያውቅ ሰው ብለሽ ጻፊ።»

ሦስት ገጽ ሞላሁ። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ስዊቹን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሌላ አመጣለሁ አላለም። ምሳ በላሽ ወይም አላለም።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ሰኔ ገባ፤ ደመናው በየከሰዓቱ ዝቅ እያለ ይመጣል። አቶ ደመቀ ባየኝ ቁጥር ሰማዩን ይመለከታል፤ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አልፈዋለሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አያ አዘዘ ከጎንደሩ ሚኒባስ የተቀበለውን ካርቶን በትከሻው ይዞ ገባ። ላዩ ላይ በአጎቴ እጅ ጽሑፍ «ሳትሞክሪ እንዳትፈርሚ» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

አራቱንም ባንዴ ለቀቅኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኹ። የጠፋ፦ ዜሮ።

አቶ ደመቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እስኪ ድገሚው» አለኝ። ቆጥሮ መረከብ ብቻ ያውቅ የነበረው ሰውዬ! ደገምኩለት። ከዚያ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ጠቁሮ የዋለው ሰማይ ስድስት ሰዓት ገደማ ይጮህ ጀመር። አያ አዘዘ ከነካፖርቱ ገብቶ አጠገቤ ቆመ። ክፍሉ በብልጭታ ቦግ አለ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ተሳለ፤ ከጀርባችን ካለው ጋራ ጫፍ ተነስቶ፣ ሸንተረሩን ይዞ፣ ከማሳዎቹ በላይ ይወርዳል።

«በዚህ ነው የሚመጣው?» አለ።

«ይኼኛው በዚህ ነው የመጣው አያ አዘዘ። ክረምቱን ሙሉ ስንይዛቸው የሚያዘወትሩትን መንገድ እናውቃለን።»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ መስመሩን እስከ ታች ተከተለው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

ስልኬ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ተኩል።

«እዚያ ዘነበ አሉ» አለ አጎቴ፣ ያለ ሰላምታ። «ስንት ጠፋ?»

«ዜሮ።»

«ከአራቱም?»

«ከአራቱም ጋሼ። አንድም አልጠፋም።»

አፉን ከስልኩ ሳያርቅ፣ ጆሮዬን እስኪያደነቁረኝ «ዙበይዳ! አንድም አልጠፋም!» ብሎ ጮኸ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ገበያተኞች ሲስቁ ይሰማኛል። ወደ እኔ ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ምሳ በላሽ ወይ?»

«አልበላሁም» አልኩት እያለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት።