የሰባተኛዋ አባል ወንበር

ልብስ ሰፊው ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ጎሚስታው በክርኑ ጎሸም አደረገውና፣ "ምነው፣ መርፌህ ላይ ተቀመጥክ እንዴ?" አለው።

የሰፈሩ ቦርድ ስብሰባ የተጠራው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ አሥር አልፏል። ከሰባቱ አባላት የመጡት አራት ናቸው፤ ደንቡ ደግሞ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም አምስት ካልሞሉ ውሳኔ የለም ይላል። ጉዳዩ የሚያድር አልነበረም። ከታች ሰፈር ወደ ክሊኒኩ የምታወጣዋን ጠባብ መንገድ አንድ ባለሕንፃ አጥሮ ሊይዛት ጠይቋል። ቦርዱ ዛሬ መሥሪያ ቤት ሳይዘጋ ተቃውሞውን ለወረዳው መዝገብ ቤት በጽሑፍ ካላስገባ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ለዚያች መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ የለቀመችው የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት ነበረች። ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላት፣ የቦርዱ ሰባተኛ አባል። ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "ሁለቱ አይመጡም፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ወንድሜ፣ ያንን የእህትህን ቅጽ ብትሞላልን? ቤተሰብ ካላስታወቀ ስሟ ከመዝገብ አይወጣም። ከወጣ ስድስት እንሆናለን፤ ለስድስት አራት ይበቃል።"

ቅጹን ሁለት ጊዜ ሰጥተውት ሁለቴም "ጠፋብኝ" ብሏቸዋል። አልጠፋም። ሁለቱም ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ናቸው።

"ነዋሪው ይኸው ሞልቶ የለም? እኛ እጅ ብናወጣስ?" አለ።

"ነዋሪ ሐሳብ ይሰጣል፣ ቅሬታ ያስመዘግባል፤ ድምፅ ግን የአባል ነው" አለ ጸሐፊው። "ይቺን አንቀጽ ያስገባችው ራሷ እትዬ ናት። ስንት ቀን አከራክራናለች።"

"ነፍሷን ይማርና፣ ሄዳም አላስተኛችን" አለ ጎሚስታው።

ልብስ ሰፊው እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። በመስኮቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳ እየተደገፈች ጠባቧን መንገድ ስትወጣ ታየችው። በዋናው መንገድ ብትዞር አርባ ደቂቃ ነው።

"አምጡት" አለ።

ቅጹ የቀረችበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ ሰፈር በመልቀቅ፣ በፈቃድ፣ በሌላ። "በሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። "ይገለጽ" ይላል ከጎኑ። ሰው ሲጠይቀው እስከዛሬ "የለችም" ነበር የሚለው። ውድ ጨርቅ ሲቆርጥ እንኳ የማያመነታው እጁ ሁለት ጊዜ ቆመና፣ "ሞታለች" ብሎ ጻፈ።

ጸሐፊው ማኅተሙን መታ። ባዶውን ወንበር ገለል ሊያደርግ ሲሰናዳ ልብስ ሰፊው ያዘበት።

"ተወው። እስክትጨርሱ።"

አራት እጅ ወጣ። ሰብሳቢዋ ደብዳቤውን ፈርማ ሰዓቷን አየች። "መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ማን ያደርሳል?"

"አይደረስም" አለ ጸሐፊው። "ከክሊኒኩ ጎን ነው እኮ ያለው።"

ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብሎ ወጥቷል። ጎሚስታው ከኋላው፣ "ቀስ በል ሰውዬ፣ ትወድቃለህ!" ይላል። በእትዬ መንገድ ካቋረጠ ይደርሳል።