ቫዮሊን አይተነፍስም

ትራምፔቱ ዜማው መሃል ላይ ድምፁ ጠፋ። አቀናባሪው ከኖታው ቀና ሲል ታላቅ ወንድሙ የኖታ ማስቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ምንም አልሆንኩም፤ ከላይ እንጀምር" አለ ታላቅየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የባንዱ መሪ ሰዓቱን አየ። "አሁን እረፉ። ከሰዓት እንግዶች ፊት ስንጫወት ግን መሃል ላይ እንዳታቋርጥብኝ።"

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አቀናባሪው አልጠፋውም። ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ሙዚቃ ለትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ ሲያመቻች፣ የቫዮሊኖቹን ረጅም ዜማ እንዳለ አንስቶ ለወንድሙ ሰጠው። ቫዮሊን እኮ ሳንባ የለውም፤ ክንድ እስካልዛለ ድረስ መጎተት ነው። ሰው ግን ይተነፍሳል። ይህን እያወቀ መተንፈሻ ሳያስቀምጥ የጻፈው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ወንድሙ ጉድ እንዲያሰኝለት ነበር። ሐኪሙ "ልብህ አይችልም፣ መንፋት በቃህ" ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰውዬው ግን ወይ ፍንክች።

መሣሪያ ክፍል ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ትራምፔቱን ሲወለውል አገኘው።

"ጋሼ፣ ዜማውን ለሌሎቹ ላካፍለው። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይቀበላል፤ ሰሚው አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ሐኪሙ ያለህስ?"

"ሐኪሙ ትራምፔት ነፍቶ ያውቃል?" ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ደረቱን በመዳፉ ደገፈ። "ስማኝ። አሳድጌሃለሁ፤ አንድ ነገር ጠይቄህ አላውቅም። ይቺን ዜማ ብትነካብኝ ወንድም አለኝ አልልም።"

ታናሽየው ፈራ። ወንድሙ ቃሉን አያጥፍም፤ አጎታቸው የተቀበሩት ከእሱ ጋር እንደተኳረፉ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረደራል። ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን አወጣ። ከሞተ ወንድም የተኳረፈ ይሻላል ብሎ ዜማውን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ትራምፔት ጻፈው፤ በወንድሙ ኖታ ላይ ከዳር እስከ ዳር የዕረፍት ምልክት አሰመረበት። ከሌላ ሰው እጅ እንዳይቀበለው ራሱ ይዞለት ሄደ።

ታላቅየው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ እንደማያውቀው ሰው ቀና ብሎ ተመለከተውና፦

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለው።

ታናሽየው "ጋሼ" ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

"የባንዱ አቀናባሪ ነኝ" አለ። "ዛሬ እርስዎ አይነፉም።"