የተዋሰው ክንድ

ቸርርር አለ። ከዚያ የአየር ትንፋሽ፣ ከዚያም አጭር ጢጥታ ተከተለ።

ማድቤት ውስጥ ብርጭቆ የምታጥበው ልጅ ድምፁን አወቀችው። የአባቷ የደም ግፊት መለኪያ ነው። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

እጇን ሳታደርቅ ሳሎን ገባች። አክስቷ መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥታ ለቅሶ ደራሹን ተራ አስይዛዋለች።

«መቶ ስልሳ በመቶ» አለች አክስትየው የጎረቤቱን ክንድ እየፈታች። «አንተ ሰውዬ፣ ጨው ነው እንዴ የምትጠጣው?»

«ባለቤቴ የሰጠችኝን ነዋ።»

የታፈነ ሳቅ በክፍሉ ዞረ።

«አክስቴ፣ አስቀምጪው።»

«ምን አለበት ልጄ? እሱስ አረፈ፤ እኛ እንኳን እንትረፍ።»

ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ምክር ስትሰማ ሰንብታለች፦ በእግር መሄድ ነው፣ ስብ መተው ነው፣ አለመናደድ ነው። ሰውየው በቁሙ ሳለ ይኼ ሁሉ አዋቂ የት ነበር? አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ፣ በመጨረሻው ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ በየደረጃው ጎንበስ እያለ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ጫማው ክር እንደሌለው እሷ ታውቃለች። አይታ አልፋዋለች።

«ና አንተ ስፖርተኛ» አለች አክስቷ ታናሽ ወንድሟን። ልጁ እያመነታ እጅጌውን ሰበሰበ።

«መቶ አሥራ አምስት በሰባ አምስት። የልብ ምት ሃምሳ አራት! ልብ ማለት ይኼ ነው።»

ሃምሳ አራት። ልጅቷ ባለችበት ቆመች። ጠዋት አባቷ ግፊቱንና የልብ ምቱን በየቀኑ የሚመዘግብበትን ደብተር ስታገላብጥ ያየችው ቁጥር ነው፤ ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አምስት፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ። አባቷ ተመዝግቦበት ከነበረው የሆስፒታል የልብ ጥናት ደብተሩን ልትወስድ የመጣችው ነርስ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅቷ ደብተሩን ከነርሷ ጭን ላይ አንስታ ወንድሟ ፊት ዘረጋችው።

«የማን ክንድ ነው ይኼ?»

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት…» አለች አክስቷ።

«በሰው ፊት ነው የምጠይቀው። ሐኪሙ ክኒኑን በግማሽ የቀነሰለት በዚህ ቁጥር ነው።»

ወንድሟ ወለሉን አየ። «ክንድህን አውሰኝ አለኝ። ግፊቴ ከፍ ካለ መሪውን ይነጥቁኛል አለ። አሁን ለጡረታው ዘጠኝ ወር ብቻ ነበር የቀረው።»

«ማን ነው የሚነጥቀው?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ደብተሩን ከእኛ በቀር ማንም አያየውም። መሥሪያ ቤታቸው ጭራሽ አያውቀንም። በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለሱ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ ነው» አለች ልጅቷ።

«እኛ ጋ ሲለኩ ግፊታቸው ከፍ ይል ነበር» አለች ነርሷ። «ሐኪም ፈርተው ነው ብለን ደብተሩን አመንን።»

ልጅቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንድ ቀን እንኳን የራሱን አልለካህም?»

«ለክቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት።»

«ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ በመቶ ሃያ።»

«እና ዝም አልክ? አንተ ሰው ነህ? ለእኔ መንገር ምን ይከብዳል?»

«ለእሷ እንዳትነግራት አለኝ።» ልጁ ቀና አለ። «ትጮህብኛለች፣ ጩኸቷን አልችለውም አለ።»

ልጅቷ ደብተሩን ከደነችው። ማንም ዓይኗን ለማየት አልደፈረም።

ያኔ ጥግ የተቀመጠችው እናታቸው ተነሳች። ሦስት ቀን ሙሉ ከጥጉ ሶፋ ደግፈው ነበር የሚያነሷት። አሁን ብቻዋን በሰዎቹ ጉልበት መሀል አልፋ ወንድ ልጇ ጋ ደረሰች። የተሰበሰበውን እጅጌውን እስከ አንጓው አወረደችለት፤ ቁልፉን ለመቆለፍ ሁለቴ ሳታው፣ በሦስተኛው ገባላት።

«ወዴት ነሽ?» አለቻት አክስትየው።

«ወደ ውጭ፤ ጩኸቱን እኔም አልችለውም» አለች እናትየው። በሩን ከፍታ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ ተሰማ።