የጎረቤት ልጅ

«ሰው ሲገባ ማን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?» አለች ጀማነሽ፣ ቪትዝ መኪናዋን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል በር ላይ እያስጠጋች።

«እማዬ» አለች የስድስት ዓመቷ ሀዊ ከፊት ወንበር።

«እትዬ ጀማነሽ ነው ያልኩሽ! በረሃብ ልትገድዪን ነው?»

ልጅ ይዞ ተሳፋሪ መጫን ክልክል ነው። ባለፈው አንዱ ተሳፋሪ ከሷት የታክሲ ድርጅቱ አስጠንቅቋታል፤ ሌላ ክስ ከመጣ ከታክሲ መጥሪያ መተግበሪያው ትሰረዛለች። ድሮ ሀዊን ጎረቤት ያይላት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ተበተነ፤ የልጅ መዋያ ደግሞ ለእሷ ቢጤ የሚቀመስ አይደለም።

ተሳፋሪዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ከኋላ ገባች። «ማለቴ፣ ሴት ሾፌር ናት የመጣችልኝ፤ ደስ አይልም? እኛ ካልደገፍናቸው ማን ይደግፋቸዋል! ኦሎምፒያ እየመጣሁ ነው፣ በቃ።» ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ሀዊን አየች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«የጎረቤት ልጅ ናት፤ እግረ መንገዴን ላደርሳት ነው።»

«በእኔ ሂሳብ የሰው ልጅ ታመላልሻለሽ? ወይ ትውረድ፣ ወይ ለድርጅትሽ ልደውል።»

ጀማነሽ ኡራኤል ስትደርስ ጧፍ ሻጮቹ አጠገብ ቆመች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። «እዚህ ቁሚ፣ ንቅንቅ እንዳትይ። መጣሁ» አለቻት። ሀዊ አላለቀሰችም፤ በሩን ራሷ ዘጋችው።

ጥቂት እንደሄዱ ሴትዮዋ ድምጿን አለዘበች። «አትቀየሚኝ እሺ? የራስሽ ልጅ ብትሆን እኮ ምንም አልልም ነበር። እኔም እናት ነኝ።»

ጀማነሽ ልጄ ናት ልትል አፏን ከፈተች። ዋሽተሻል ብላ ብትከሳትስ?

«ልክ ነዎት» አለች።

ሴትዮዋ አምስት ኮከብ ሰጥታት ወረደች።

ጀማነሽ ነፍሷን ሳታውቅ ወደ ኡራኤል በረረች። ሀዊ ካቆመቻት ቦታ አልተነቃነቀችም፤ ሹራቧ ውሃ ጠግቧል። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ተቀመጠች።

«ነይ ፊት የኔ እናት፤ አሁን ማንም የለም እኮ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ እትዬ ጀማነሽ።»

ጀማነሽ ዞራ ልታቅፋት፣ እማዬ በይኝ ልትላት ፈለገች። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ለገሃር ተሳፋሪ አለ። ስልኩን አየች፣ ልጇን በመስታወት አየች፣ ጥሪውን ተቀበለች።

«ጎበዝ» አለች። «ልክ እንደዚያ ነው። በይ ወደ ፊት ነይ፤ ሰው ሊገባ ነው።»