አንድ ምት፣ ሁለት ጆሮ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ዓሣ ሲያስነጥስ ሰምቻለሁ ብዬ ሰፈሩን ሙሉ ወንዝ ዳር ያስቀመጥኩ ሰው መሆኔን አልክድም፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው። ድሮ የማያምነኝ ሲበዛ «ወንድሜ ይሙት» እል ነበር። ያን መሐላ ትቼዋለሁ። አሁን የምምለው በጆሮዬ ነው፤ ከዋሸሁ ሁለቱም ይደፈኑ።

ታላቅ ወንድሜ በያጅ ነበር። የሚበይደው ሰው በእንብርክኩ የሚገባበትን ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው፤ ከኮረብታው ማጠራቀሚያ ተነስቶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ለከተማው ውሃ የሚያወርደውን። እኔን እዚያ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። «አፉን አትስሙት፣ ጉልበት አለው» ብሎ አለቃውን ለመነልኝ፤ አካፋ ሰጡኝ።

ውሃው የሚዘጋውና የሚከፈተው ከላይ፣ ማጠራቀሚያው ሥር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የከባድ መኪና መሪ በሚያህል የቫልቭ እጀታ። ጠባቂው ግማሽ ጆሮ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ግራ ጆሯቸውን ድሮ የፈነዳ ቦይለር ወስዶታል። እኔ በግራቸው ቆሜ እሰድባቸውና በቀኛቸው ዞሬ «ዕድሜ ይስጥዎ አባባ» እላለሁ። እሳቸው «አሜን» ይላሉ፤ ሠራተኛው በሳቅ ይንፈራፈራል።

ከክፍሏ እስከ ብየዳው ቦታ አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው። መሃሉን ጉብታ ስለሚጋርደው አይተያዩም፤ ስልክም አይሠራም። መነጋገሪያው መዶሻ ነበር። በያጁ በየግማሽ ሰዓቱ በመግቢያው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ቧንቧውን ከውጭ ይመታል። አንድ ምት «አለሁ» ማለት ነው፤ ሰው ውስጥ ነው፣ እንዳትከፍት። ሁለት ምት «ወጣሁ» ነው፤ ክዳኑን ዘግቻለሁ፣ ክፈት። ሽማግሌው ቀኝ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያዳምጡ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ያን ቀን ጠዋት ሽማግሌውን ትኩሳት ያዛቸውና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም አካፋዬን ጥዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ከፀሐይና ከቁፋሮ ተገላገልኩ። ወንድሜ መዶሻውን ይዞ ሲያልፍ አየኝ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሹመት ነው ጋሼ። ካሁን ወዲያ አቤቱታህን በመዶሻ አቅርብ።»

«ሽማግሌውስ?»

«አሟቸው ሄዱ።»

«እንግዲያው ቀልድህን ተውና ጆሮህን ክፈት።»

«እኔ እኮ ሁለት አለኝ። ከሳቸው እጥፍ ነው የምሰማልህ።»

ሳቀና ጉብታውን ዞረ።

ረፋዱ ላይ ነፋስ አልነበረም። ቀኝ ጆሮዬን ብረቱ ላይ እንደ ሽማግሌው ለጥፌ ጠበቅኩ። ደንግ አለ። ሰው ምራቁን ውጦ ሳይጨርስ በግራ ጆሮዬ ደግሞ ደንግ አለ። ሁለት። እንዲህ ቶሎ ጨረሰ እንዴ ብዬ ገርሞኛል፤ ግን የወንድሜ እጅ ፈጣን ነው። እጀታውን እያፏጨሁ ማዞር ጀመርኩ። ዙሩ አርባ ነው። ሃያ ላይ ስደርስ ብረቱ ውስጥ ሌላ ምት መጣ፤ አንድም ሁለትም ያልሆነ፣ የማይቆጠር። ለሱ የተሰጠ ትርጉም አልነበረንም። ጆሮዬን መልሼ ለጠፍኩ። ቆመ። ያኔ ነው ወደ ኋላ ማዞር የጀመርኩት፤ ለመዝጋትም ያው ሃያ ዙር ነው።

ወንድሜን ቧንቧው ጫፍ ላይ፣ ቆሻሻ የሚያስቀረው ወንፊት ጋ አገኙት። እናታችን እስከ ዛሬ የቤቱን ቧንቧ ስትከፍት ፊቷን ታዞራለች።

በሳምንቱ አንዲት መሐንዲስ ልትመረምር መጣች። እኔንም ሽማግሌውንም ቧንቧው ላይ ጆሯችንን አስለጠፈችንና አለቃውን ከጉብታው ወዲያ ልካ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ አደረገች።

«ስንት ሰማህ?»

«ሁለት።»

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«አንድ።»

አለቃው እንደገና ሲመታ ግራ ጆሮዬን በጣቷ ደፈነችው።

«አሁንስ?»

አንድ ነበር።

ደብተሯን ገልጣ አስረዳችን። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በውሃ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ፤ በብረት ግን እስከ አምስት ሺህ። የወንድሜ አንዷ «አለሁ» በብረቱ ቀድማ ደረሰች፤ ያቺው «አለሁ» በአየር ዘግይታ ስትመጣ እኔ ሌላ ምት ብዬ ቆጠርኳት። ሽማግሌውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስህተት ያዳናቸው ያ የምስቅበት የሞተ ጆሮ ነው። ይህ ሁሉ ሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አለ አለችኝ። ይኖራል። የሳይንስ መምህራችን ስለ ድምፅ ሲያስተምሩ እኔ ወንበራቸው ላይ ሙጫ ቀብቼ ውጭ ተንበርክኬ ነበር።

«ጥፋቱ የአሠራሩ ነው» ብላ ጻፈች። «ጠባቂው ታመው፣ ያልሠለጠነ ሰው ተተካ። አይደለም አባባ?»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዩኝ። «አዎ፣ አሞኝ ነበር» አሉ።

እንግዲህ ከታሪኩ አንድ ነገር የፈጠርኩት አለ። ትኩሳቱ። ሽማግሌው ጤነኛ ነበሩ። እኔ ነኝ ያን ጠዋት ጥላ ፈልጌ፣ ስድስት ዓመት ያላዩዋት ልጃቸው አውቶቡስ ማቆሚያ ቆማ እየጠበቀቻቸው እንደሆነ ዋሽቼ የነገርኳቸው። ኮታቸውን እንኳ ሳይቆልፉ ነው የሮጡት። ያን ቀን የቆምኩት በግራቸው አልነበረም። በሚሰማው በኩል ዞሬ ነው የነገርኳቸው።