ማሰሪያ የሌለው ጫማ

የልጅ ልጄ የልቧ ግድግዳ ወፍሯል ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። እሷ ግን ከመረብ ኳሷ ሌላ ሐሳብ የላትም። መጀመሪያ የታየችበት ክሊኒክ፣ ልቧ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከመቶ ሰባ እጁን እንደሚያወጣ ሲነግራት ቤቱን በጭፈራ አናወጠችው። ከጤነኛም ይበልጣል እያለች ስትኩራራብኝ ሰነበተች። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ጎንበስ ትልና የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

ቡድኗ ካልተመረመርሽ አትሰለፊም ስላላት፣ ለልብ አልትራሳውንድ ትልቁ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ባለሙያዋ ልጅቷን በግራ ጎኗ አስተኝታ ደረቷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባቻትና መሣሪያውን ከጎድኖቿ መሃል አሳረፈች። «አስወጪና ትንፋሽሽን ያዢ» ስትላት እኔም አብሬ ያዝኩ። ባለሙያዋ ዞር ብላ አየችኝ።

«እናቴ፣ እርስዎ እንኳን ይተንፍሱ።»

የልጅ ልጄ በሳቅ ፈረሰች፤ ምስሉ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ስክሪኑ ላይ የልቧ በር እንደ ዓሣ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዝም ማለት አልሆነልኝምና፣ ጡንቻ ከወፈረ ይጠነክር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እጇን ሳታቆም አስረዳችኝ። ግድግዳው ሲወፍር የውስጡ ክፍል ይጠባል፤ ጠባብ ክፍል የሚይዘው ትንሽ ደም ነው፤ ከትንሹ ላይ አብዛኛውን ቢያወጣ ቁጥሩ ያምራል እንጂ የወጣው ያው ትንሽ ነው። ስለዚህ እሷ ጡንቻው በየምቱ ከላይ እስከ ታች ምን ያህል እንደሚያጥርም ትለካለች። አንድ ቁልፍ ስትጫን ባለቀለም ክብ ምስል መጣ። ደህና የሚሠራው ቦታ ደማቅ ቀይ ነው። ግድግዳው ክፉኛ የወፈረበት ጋ ግን ቀለሙ ታጥቦ እንዳለቀ ጨርቅ ገርጥቷል።

«ደረጃ ስትወጪ ይደክምሻል?» አለቻት።

«ኧረ ምንም።»

የልጅ ልጄ በዓይኗ ለመነችኝ። ብናገር ኳሷን እንደምነጥቃት አውቃለሁ።

«ጫማዋን ታስራለች» አልኩ። «ደረጃው መሃል ላይ፣ ሁልጊዜ። ይኸው አልጋው ሥር ነው፣ ማሰሪያ ካለው እዪው።»

ባለሙያዋ እውነትም ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወጥታ ሐኪሙን ጠራችው። እሱም ምስሉን ደጋግሞ አይቶ፣ መድኃኒት እንድትጀምርና መራመጃ ማሽን ላይ እየተራመደች ልቧ የሚታይበት ሌላ ምርመራ እስኪያልቅ ኳስ እንዳትነካ አዘዘ።

ኮሪደሩ ላይ ሰላይ ብላኝ ቀድማኝ ሄደች። ትበለኝ።

የቤታችን ሊፍት እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቆማ አገኘኋት። አላጎነበሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ሳትደብቅ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አጠገቧ ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ፤ እሷም ተቀመጠች።

«እማምዬ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ያ የገረጣው ቦታ መልሶ ይቀላ ይሆን?»

እኔም መንገዱን ሙሉ የማስበው እሱኑ ነበር።

«እንጃ፣ የኔ ልጅ። ለምርመራው ስንመለስ ባለሙያዋን እንጠይቃታለን።»